ውሃ የድንጋይ ከሰልን ምን ያህል ያዳክመዋል? የመፈተኛ ዘዴዎች ንጽጽር፣ አዳማ ላይ ሆነው ለሚሰሩ

የመመረቂያ ጽሑፍ ወቅት ሲደርስ አንድ ጥያቄ ይደጋገማል። «የድንጋይ ከሰል ናሙና አግኝቻለሁ። ውሃ ሲገባበት ጥንካሬው በስንት እንደሚወርድ ማወቅ እፈልጋለሁ። በየትኛው ዘዴ ልፈትነው?» ጠያቂዎቹ አዳማ ላይ ጂኦሎጂ ወይም ሲቪል የሚማሩ ልጆች ብቻ አይደሉም። በማህበር ተደራጅተው ከሰል ለማውጣት ያሰቡ ወጣቶችም ይጠይቃሉ። ምርጫው ግራ የሚያጋባ ነው። ውድ ሆኖ ይህን ጥያቄ የማይመልስ ዘዴ አለ፤ በትንሽ ገንዘብ ጥሩ አድርጎ የሚመልስም አለ።

ጥያቄው የቤተ ሙከራ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ከመሬት በታች ከሰል ሲወጣ ጣሪያውን የሚሸከመው ብዙ ጊዜ ራሱ ከሰሉ ነው። እየቆፈሩ ሲሄዱ መሃል መሃል ላይ ምሰሶ ይተዋሉ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 21 ቀን 1960 በደቡብ አፍሪካ ኮልብሩክ ማዕድን እነዚያ ምሰሶዎች ተያይዘው ወደቁ፤ 435 ሰዎች እዚያው ቀሩ። ከዚህ በኋላ ሳላሞንና መንሮ የተባሉ ባለሙያዎች የቆሙና የወደቁ 125 የምሰሶ ቦታዎችን መርምረው በ1967 አንድ ስሌት አወጡ። የምሰሶው ጥንካሬ በሜጋፓስካል (የጥንካሬና የጫና መለኪያ)፦ 7.2 ሲባዛ በወርዱ (በ0.46 ኃይል)፣ ሲካፈል ለቁመቱ (በ0.66 ኃይል)። ወርዱም ቁመቱም በሜትር ነው።

በቁጥር እንየው። ምሰሶው በየጎኑ 10 ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር ይሁን። ስሌቱ 10 ሜጋፓስካል ገደማ ይሰጣል። ጥልቀቱ 100 ሜትር፣ በምሰሶዎቹ መካከል ያለው መተላለፊያ 6 ሜትር ከሆነ ምሰሶው ላይ የሚያርፈው ጫና ወደ 6.4 ሜጋፓስካል ነው። ስለዚህ ጥንካሬው ከጫናው 1.6 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ደህና ነው። አሁን ለምሳሌ ያህል ውሃ ከጥንካሬው 30 በመቶውን ወሰደ እንበል። 1.6 የነበረው 1.1 ይሆናል። ምሰሶው ገና አልወደቀም፤ ግን ትርፍ አቅም የሚባል ነገር አልቀረውም። (ስሌቱ የወጣው ለደቡብ አፍሪካ ከሰል ነው። እንዳለ ወስዳችሁ ለአገራችን የከሰል ቦታዎች፣ ለያዩ ወይም ለደልቢ ሞዬ፣ እንዳትጠቀሙበት። እዚህ ያመጣሁት የውሃው ድርሻ ምን ያህል እንደሚያናጋ ለማሳየት ነው።)

ታዲያ ያንን 30 በመቶ ከየት እናምጣው? ከሌላ ሰው ጥናት መቅዳት አይሆንም። ሆኪንስና ማኮኔል የተባሉ ተመራማሪዎች በ1992 የብሪታንያ 35 ዓይነት አሸዋ ድንጋዮችን ፈትነው ነበር። ውሃ ሲጠግቡ አንዳንዶቹ ከጥንካሬያቸው 8 በመቶ ብቻ አጡ፤ ሌሎቹ እስከ 78 በመቶ። ሸክላ አፈር የበዛበት ብዙ አጣ። ያው «አሸዋ ድንጋይ» የሚባል ነገር እንዲህ ከተለያየ፣ ከሰል ደግሞ የባሰ ነው። ከሰል በተፈጥሮው እርስ በርስ በሚቋረጡ ጥቃቅን ስንጥቆች የተሞላ ነው። ውሃው በነዚያ ይገባል። በስንጥቁ ውስጥ ያለው የውሃ ግፊት ስንጥቁን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ የስንጥቁ ግድግዳ እርስ በርስ የሚያዝበት ሰበቃም ይቀንሳል። በመሃል የሸክላ ሽፋን ካለ ያብጣል። ፒራይት የሚባለው ብረትና ድኝ ያለበት ማዕድን ካለ ከአየርና ከውሃ ጋር ተዋህዶ አሲድ ይፈጥራል። የእናንተ ከሰል ከነዚህ የትኛው እንደሚበረታበት የሚነግራችሁ የራሳችሁ ናሙና ነው።

ከመምረጣችሁ በፊት፦ በምን እንመዝን?

ብዙ ሰው «የትኛው ማሽን አለ?» ብሎ ይጀምራል። መጀመር ያለበት ከሌላ ጥያቄ ነው፦ ዘዴው የውሃውን ጉዳት ከናሙና ወደ ናሙና ካለው ልዩነት ለይቶ ማሳየት ይችላል?

ይህን ነጥብ ረጋ ብለን እንየው፤ ብዙ ጽሑፍ የሚበላሸው እዚህ ነው። ከአንድ ግድግዳ የወጡ የከሰል ናሙናዎች ጥንካሬ በ30 በመቶ ቢበታተን አይገርምም። ሦስት ደረቅና ሦስት እርጥብ ብቻ ከሰበራችሁ፣ የያንዳንዱ አማካይ ስህተት 17 በመቶ አካባቢ ነው። የሁለቱ ልዩነት ስህተት ደግሞ 24 በመቶ ይደርሳል። ውሃው በእውነት 20 በመቶ ቢወስድም ቁጥራችሁ ውስጥ አይታይም። እንዲያውም እርጥቡ ከደረቁ በልጦ ሊወጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ተማሪው ይደነግጣል። ሃያ ሃያ ከሰበራችሁ ግን የልዩነቱ ስህተት ወደ 9 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ ጥያቄው «ውሃ ስንት ወሰደ?» እስከሆነ ድረስ ብዙ ርካሽ ፈተና ከጥቂት ውድ ፈተና ይሻላል። የዚህ ጽሑፍ አቋም ይኸው ነው።

ሁለተኛው መመዘኛ ናሙና ማዘጋጀት መቻሉ ነው። ደካማ ከሰል ቅርጽ ይዞ እንዲቆረጥ አይፈቅድም። ሦስተኛው፣ የማሽኑ አቅም ለከሰል መመጠኑ። አራተኛው፣ ናሙናው እርጥበቱን እንደያዘ ቶሎ መሰበር መቻሉ። ዋጋና አዳማ ላይ መገኘቱ የመጨረሻው ነው።

ቀጥታ መጭመቅ (የኮር ፈተና)

ይህ ሁሉም የሚያውቀው ነው። ዲያሜትሩ 50 ሚሊሜትር፣ ቁመቱ 100 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሲሊንደር (ኮር የሚባለው) ይቆረጣል፤ ጫፍና ጫፉ ይስተካከላል፤ እስኪሰበር ይጨመቃል። የሚወጣው ቁጥር በሜጋፓስካል ስለሆነ ሁሉም ይቀበለዋል፤ የምሰሶ ስሌት የሚሰራ ሰውም የሚፈልገው ይህንን ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከማሽኑ በፊት ነው። ከሰል በኮር ሲወጋ ደካማው ክፍል እዚያው ይፈርሳል። ተርፎ በእጃችሁ የሚገባው ጠንካራው ቁራጭ ነው። ያ ቁራጭ ስንጥቅ ስለሚያንሰው ውሃም ብዙ አይጎዳውም። በዚህ የተነሳ ጥንካሬው ከእውነተኛው ከፍ፣ የውሃው ጉዳት ደግሞ ዝቅ ብሎ ይታያል። ሁለቱም ስህተት ወደ አደገኛው ወገን ነው። በተጨማሪ የኮር ማሽኑ ራሱ በውሃ ነው የሚቀዘቅዘው። «ደረቅ» የምትሉት ናሙና ገና ሲቆረጥ ረጥቧል ማለት ነው።

ማሽኑም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። አዳማ ላይ በቀላሉ የሚገኘው የኮንክሪት ኪዩብ መስበሪያ ነው፤ አቅሙ ብዙውን ጊዜ 2,000 ኪሎኒውተን ይሆናል። ጥንካሬው 20 ሜጋፓስካል የሆነ የ50 ሚሊሜትር ኮር ግን 39 ኪሎኒውተን ላይ ይሰበራል። እርጥቡ 24 ላይ ሊሰበር ይችላል። ሁለቱም ከማሽኑ አቅም 2 በመቶ እንኳ አይሞሉም። እንዲህ ታች ላይ የማሽኑ ንባብ አስተማማኝ አይደለም፤ የካሊብሬሽን (የንባብ ትክክለኛነት ፍተሻ) ወረቀቱን ብታዩት ፍተሻው ከየት እንደሚጀምር ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ለቤት ኮንክሪት ግሩም የሆነው ማሽን ለከሰል አይመጥንም።

መውጫው የመንገድ ሥራ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። እዚያ ሲቢአር (የመንገድ አፈር የመሸከም አቅም) የሚፈተንበት 50 ኪሎኒውተን የሚሸከም ፍሬም አለ። ለኮር ከኪዩብ መስበሪያው ይሻላል። ፍጥነቱ ብዙ ጊዜ በደቂቃ 1.27 ሚሊሜትር ላይ የተወሰነ ነው፤ ለድንጋይ ፈተና ፈጠን ያለ ነው። ማስተካከያ ካለው ዝቅ አድርጉት። ከሌለው ደረቁንም እርጥቡንም በዚያው ፍጥነት ስበሩና ሪፖርቱ ላይ ጻፉት። የምትፈልጉት የሁለቱን ንጽጽር ስለሆነ፣ ሁለቱ በአንድ ሁኔታ መሰበራቸው ይበልጣል።

ፖይንት ሎድ (በሁለት ሹል ጫፍ መስበር)

ለዚህ ጥያቄ የኔ ቀዳሚ ምርጫ ይህ ነው። ናሙናው በሁለት የብረት ሾጣጣዎች መካከል ገብቶ ይሰነጠቃል። ኮር አያስፈልግም። በእጅ የተሰበረ፣ ከ15 እስከ 85 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው እብጥ (ቅርጽ ያልወጣለት ቁራጭ) ይበቃል፤ ወደ 50 የቀረበው ይመረጣል። ደካማው ከሰልም ስለሚፈተን ጠንካራውን ብቻ የመምረጥ ችግር ይቀንሳል። አንዱን ለመስበር ከ10 እስከ 60 ሰከንድ ነው የሚፈጀው። ስለዚህ ከውሃ ወጥቶ ሳይደርቅ ይሰበራል። በአንድ ከሰዓት አርባ ናሙና መጨረስ ይቻላል።

ከሁሉ የምወደው ግን ጥንድ ማድረግ መቻሉ ነው። አንድ እብጥ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ግማሽ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ሌላው እንደመጣ ይቆያል። ሁለቱም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ልዩነታቸውን ስታሰሉ ቅድም ያወራነው መበታተን በብዙ ይቀንሳል። በቾክ ቁጥር እንዳትጽፉ፤ ውሃ ውስጥ ይለቃል። ቁጥሩን በከረጢቱ ላይ ጻፉት።

መሳሪያው ከሌለስ? ሾጣጣዎቹ ቀላል ቅርጽ ናቸው፦ 60 ዲግሪ ሾጣጣ፣ ጫፉ በ5 ሚሊሜትር ራዲየስ የተድቦለቦለ። ጥሩ ቶርኖ ቤት ይሰራቸዋል። ብረቱ ግን በሙቀት የጠነከረ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ጫፉ እየደነዘዘ ውጤቱን ያዛባል። ሾጣጣዎቹ በትክክል ፊት ለፊት መግጠማቸውን በወረቀትና በካርቦን አረጋግጡ። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ የከሰል እብጥ በዚህ ዘዴ በ1 ወይም በ2 ኪሎኒውተን ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ የፍሬሙን የ50 ኪሎኒውተን ቀለበት (ጫናውን የሚያነብበውን ብረት) አትጠቀሙ፤ ለአፈር ፈተና የሚያገለግለውን የ5 ወይም የ10 ኪሎኒውተን ቀለበት ግጠሙ። ያለዚያ የኪዩብ መስበሪያውን ስህተት በትንሹ ደገማችሁት ማለት ነው።

ደንቦቹን አትዝለሉ። ስንጥቁ በሁለቱም ጫፍ ካላለፈ ውጤቱ ይጣላል። ከሰሉ የተደራረበ ስለሆነ ከንጣፉ ጋር ቀጥ ብሎና ተኝቶ የተሰበረውን ለየብቻ መዝግቡ። ከ10 በላይ ፈተና ካላችሁ ከሁሉ የበለጡትን ሁለት፣ ከሁሉ ያነሱትን ሁለት ውጤቶች አውጥታችሁ የቀረውን አማክሉ፤ ዓለም አቀፉ የሮክ ሜካኒክስ ማህበር የሚመክረው ይህን ነው። ጥንድ በጥንድ የምታሰሉ ከሆነ ግን አንዱን ስታወጡ ጓደኛውም ይውጣ።

ድክመቱም ይነገር። ውጤቱን በ22 ወይም በ24 አባዝተው «የመጨመቅ ጥንካሬ» የሚሉት ልማድ ለከሰል አይሰራም። ማባዣው ከድንጋይ ድንጋይ በጣም ይለያያል፤ እርጥቡና ደረቁም አንድ ዓይነት ማባዣ እንዲኖራቸው የሚያስገድድ ነገር የለም። እርጥቡ የደረቁን ስንት በመቶ እንደሆነ ብቻ ጻፉ።

ብራዚሊያን (ክብ ሳህን መሰንጠቅ)

ዲያሜትሩ 50፣ ውፍረቱ 25 ሚሊሜትር የሆነ ሳህን በጠርዙ ቆሞ ይጨመቅና መሃሉ ይሰነጠቃል። የሚለካው መለጠጥን የመቋቋም አቅም ነው። ከአንድ ረጅም ኮር ሦስት አራት ሳህን ስለሚወጣ የኮሩን ብክነት ይቀንሳል። ኮር ካላችሁ ጨምሩት፤ በተለይ የምሰሶው ጎን እየተላጠ መውደቁ የሚያሳስባችሁ ከሆነ። ኮር ከሌላችሁ ለዚህ ብላችሁ አትልፉ።

የመፈርፈር ፈተና

ይህ ጥንካሬ አይለካም። የሚመልሰው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ከሰሉ እየረጠበና እየደረቀ ሲመላለስ ቅርጹን ይዞ ይቆያል ወይስ ይፈርሳል? እያንዳንዳቸው ከ40 እስከ 60 ግራም የሆኑ አሥር ቁራጮች 2 ሚሊሜትር ወንፊት ባለው ከበሮ ውስጥ ይገባሉ። ከበሮው ከፊሉ ውሃ ውስጥ ሆኖ በደቂቃ 20 ጊዜ፣ ለ10 ደቂቃ ይዞራል። ሁለት ዙር ከተደረገ በኋላ ተርፎ የደረቀው ይመዘናል። ክረምት ከበጋ ውሃው ከፍና ዝቅ ለሚልበት ቦታ ይህ ፈተና ከጥንካሬ ቁጥር እኩል ዋጋ አለው።

ከበሮ ከሌለ ቁራጩን ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨምራችሁ ለአንድ ቀን ተከታተሉት። መጀመሪያ አረፋ በቀጭን መስመር ይወጣል፤ መስመሩ ስንጥቁ የት እንዳለ ይነግራችኋል። የሸክላ ሽፋን ካለበት ከሰዓታት በኋላ ውሃው ግራጫ ይሆንና ቁራጩ በዚያው ሽፋን ላይ ይከፈታል። በየሰዓቱ በስልክ ፎቶ አንሱት። ቁጥር ባይሆንም ለሪፖርት ጥሩ ማስረጃ ነው።

የማልመክራቸው ሁለት

የሽሚት መዶሻ ኮንክሪት ለሚፈትኑ ሰዎች በእጃቸው ያለ ነገር ነው። ለከሰል ግን ከባድ ነው፤ ከ20 ሜጋፓስካል በታች ለሆነ ድንጋይ አይመከርም፣ ናሙናውንም ይሰነጥቀዋል።

የድምፅ ሞገድ መሳሪያው ደግሞ ለዚህ ጥያቄ ያሳስታል። በደረቅ ከሰል ስንጥቆች ውስጥ አየር አለ፤ ሲረጥብ በቦታው ውሃ ይገባል፤ ድምፅ ደግሞ በውሃ ውስጥ ከአየር በፍጥነት ይሄዳል። ስለዚህ ከሰሉ እየደከመ ሳለ የሞገዱ ፍጥነት ሊጨምር ይችላል። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው «ውሃ አጠነከረው» ብሎ ይጽፋል።

በአንድ ሰንጠረዥ

| ዘዴ | ናሙና ማዘጋጀት | የውሃን ጉዳት መለየት | ወጪ | ለማን |
|---|---|---|---|---|
| ቀጥታ መጭመቅ | ከባድ፣ ደካማው ይፈርሳል | ናሙና ካነሰ ደካማ | ከፍተኛ | ለምሰሶ ስሌት |
| ፖይንት ሎድ | ቀላል፣ እብጥ ይበቃል | በጥንድ ሲሰራ ጥሩ | ዝቅተኛ | ለአብዛኛው ተማሪና ማህበር |
| ብራዚሊያን | መካከለኛ፣ ኮር ይፈልጋል | መካከለኛ | መካከለኛ | ኮር ላለው |
| መፈርፈር | ቀላል | ጥንካሬ ሳይሆን ጽናት ያሳያል | ዝቅተኛ | ውሃ ለሚመላለስበት ቦታ |
| ሽሚት መዶሻ | ቀላል | አይሆንም | ዝቅተኛ | ለማንም አይመከርም |
| የድምፅ ሞገድ | መካከለኛ | ያሳስታል | መካከለኛ | ለዚህ ጥያቄ ለማንም አይመከርም |

የትኛውንም ብትመርጡ የማይቀር ነገር

ናሙናው ከጅማ ወይም ከኢሉባቦር ወገን ከእርጥብ አገር ተነስቶ አዳማ ሲደርስ አየሩ ሌላ ነው። ያ የንፋስ ተርባይኑን የሚያዞረው ደረቅ ነፋስ የከሰሉንም እርጥበት ይጠጣዋል። የአገራችን ከሰል በአብዛኛው ገና ብዙ ያልበሰለ ነው፤ በተፈጥሮው ውሃ ይይዛል፣ ሲደርቅ ደግሞ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። ስለዚህ ናሙናው ከግድግዳው እንደወጣ በቀጭን ፕላስቲክ ይጠቅለል፣ ከተቻለ በላዩ ሰም ይቀባ። ፌስታል ብቻ አይበቃም።

በዚሁ ምክንያት «ደረቅ» ናሙና ለማግኘት 105 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ አትክተቱት። ኦቨኑ ራሱ ይሰነጥቀዋል። ከዚያ በኋላ ደረቁ ደካማ ይሆንና ውሃው የወሰደው ትንሽ ይመስላል። ማወዳደር ያለባችሁ እንደመጣ ያለውን ከጠገበው ጋር ነው። ኦቨኑ የሚያገለግለው ከተሰበረ በኋላ ከፍርፋሪው ላይ የእርጥበት መጠን ለመለካት ነው።

የምትነክሩበትም ውሃ ይታሰብበት። የአዳማ ቧንቧ ውሃ ከአዋሽ ወንዝ ተጣርቶ የሚመጣ ነው። ማዕድኑ ውስጥ ያለው ውሃ ግን አሲድነት ሊኖረው ይችላል፣ የተሟሟ ጨውም ሌላ ነው። ሁለት ጀሪካን ከዚያው ከማዕድኑ ይምጣ። ናሙናውን በየ24 ሰዓቱ አውጥታችሁ፣ ውጩን በእርጥብ ጨርቅ አብሳችሁ መዝኑት። ክብደቱ መጨመሩን ሲያቆም ጠግቧል።

እንደ አቅምና እንደ ፍላጎት

ገንዘብም ጊዜም ያጠራችሁ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች፦ ሃያ ጥንድ በፖይንት ሎድ፣ ከጎኑ የብርጭቆውን ክትትል። ይህ ብቻውን የተሟላ ጽሑፍ ይወጣዋል።

የማስተርስ ሥራ ከሆነና ኮር ማስቆረጥ ከቻላችሁ፣ የፖይንት ሎዱን እንደያዛችሁ ስድስት ስድስት ኮር በሲቢአር ፍሬም ጨምሩ፤ ከትርፍራፊው ሳህን አውጡ። የሁለቱ ዘዴዎች መቶኛ ተቀራራቢ ከሆነ ጥሩ። ከተራራቀ ጠንካራው ቁራጭ ብቻ ተመርጦ ይሆናልና የፈረሱትን ኮሮች ብዛት ሪፖርቱ ውስጥ አስገቡ።

በማህበር ለምትሰሩ ምክሬ ጠበቅ ያለ ነው። በመዳፍ የሚያዝ ናሙና የምሰሶ ጥንካሬ አይደለም። ቢኒያውስኪ የተባሉ ተመራማሪ በደቡብ አፍሪካ እዚያው ማዕድኑ ውስጥ እስከ 1.5 ሜትር የሚደርሱ የከሰል ኪዩቦችን ሰብረው ያሳዩት፣ መጠኑ ሲጨምር ጥንካሬው በብዙ እንደሚወርድ ነው። ስለዚህ ከቤተ ሙከራ የምትወስዱት መቶኛውን ብቻ ይሁን፤ የምሰሶውን ልክ የማዕድን መሐንዲስ ያውጣው፣ የጠገበውን ቁጥር ይዞ። ውሃውም ምሰሶውን በአንድ ጊዜ አያርሰውም። ከጎን ይጀምራል፣ ጎኑ ይላጣል፣ ወርዱ ይቀንሳል። በየሳምንቱ ወርዱን በሜትር ለኩና መዝግቡ። ወርዱ ከሳምንት ሳምንት እየቀነሰ ከሄደ፣ ወይም ውሃ ምሰሶው ሥር ተኝቶ ከከረመ፣ መሐንዲሱ መጥቶ እስኪያየው ሰው አታስገቡ።